ለፒአር ተማሪዎች፦ ከመመረቃችሁ በፊት የሰፈራችሁን ቻናል ይዛችሁ ሶሻል ሚዲያ የምትለምዱበት መንገድ

ይሄ ጽሁፍ ህዝብ ግንኙነት (ፒአር)፣ ጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን ምናምን ለምትማሩና ወደ ፒአር ስራ መግባት ለምትፈልጉ ነው፣ በተለይ ደሞ እንደኛ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቂሊንጦ፣ ገላን አካባቢ ሆናችሁ ቦሌ ያለ ኤጀንሲ ሄጄ በነጻ ልስራ ብትሉ እንኳን የትራንስፖርቱ ብርና ሰልፉ ለሚያማርራችሁ። እዚሁ ሰፈር ተቀምጣችሁ የምትለማመዱበት ስራ ሞልቷል። ቃለ መጠይቅ ላይ "ከዚህ በፊት የያዝሽው ፔጅ አለ?" መባሉ አይቀርም፣ ያኔ ብዙው ልጅ የሚያሳየው የራሱን ቲክቶክ ነው። ይሁን፣ ካሜራ አለመፍራቱን ያሳያል፣ ቀጣሪው ግን ማየት የሚፈልገው በሌላ ሰው ስም ስትጽፉ እንዴት እንደሆናችሁ፣ ሰው ሲቆጣ ምን እንደምትመልሱ፣ አለቃ መረጃ ይዞ ዝም ሲል እንዴት እንደምታወጡት ነው። ዲዛይኑንማ አሁን ማንም ይሰራዋል፣ ከባዱ ስራ የሚጀምረው ፖስቱ ከወጣ በኋላ ኮመንቱ ላይ ነው። ባለሁለት አቅጣጫ ኮሙኒኬሽን የሚባለውን፣ ማለትም መናገር ብቻ ሳይሆን ሰምቶ መመለስንም፣ ለፈተና ሸምድዳችሁታል አይደል፣ እሱን ነው እዚህ በእጃችሁ የምትሰሩት።

1. አንድ ተቋም ምረጡ፣ አንድ ብቻ

የአክስታችሁን ልጅ የልብስ ሱቅ አትምረጡ፣ እሱ ሽያጭ ነው፣ "ዋጋ በኢንቦክስ" እያላችሁ ወሩ ያልቃል። የሚሻለው ቅሬታ የማይጠፋበት ቦታ ነው፦ የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ማህበር፣ እድር፣ መዋእለ ህጻናት፣ የሰፈር ክሊኒክ። እኔ የምመክረው የነዋሪዎች ማህበር ነው፣ ምክንያቱም ውሃ አለ፣ መብራት አለ፣ የጥበቃ ክፍያ አለ፣ የፓርኪንግ ጸብ አለ፣ ኮሚቴውን የሚያምን አለ የማያምንም አለ፣ ለፒአር ተማሪ ከዚህ የተሻለ ላብራቶሪ ከየት ይመጣል።

ሊቀመንበሩ ጋ ስትሄዱ ስለ ብራንዲንግና ስለ ኢንጌጅመንት አታውሩ። "ጋሼ፣ የማህበሩን ቴሌግራም ለሁለት ወር በነጻ ልያዝልዎት፣ እርስዎ ሳያዩት የሚወጣ ነገር አይኖርም፣ ሰውም ለአንድ ጥያቄ አስር ጊዜ እየደወለ አያስቸግርዎትም" በሏቸው፣ በቃ። እሺ ካሉ አንዲት ገጽ ወረቀት ላይ ሶስት ነገር አስፍራችሁ ተፈራረሙ፦ ጽሁፉን የሚያጸድቀው ማነው፣ እሱ ስልክ ካላነሳ ቀጥሎ ማን ይጠየቃል፣ ሁለት ወሩ ሲያልቅ አካውንቱን የሚረከበው ማነው። ወረቀቷን አትናቋት፣ "ማን አውጣ አለህ?" የተባላችሁ ቀን የምታወጡት እሷን ነው።

2. የመጀመሪያው ሳምንት ምንም አትለጥፉ

አንብቡ ብቻ። የነዋሪው ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ግቡ፣ ፌስቡክ ላይ የሰፈሩን ስም ፈልጉ። ስትፈልጉ በአንድ አጻጻፍ አትርኩ፣ ሰው ውሃ፣ ውሀ፣ ዉሃ፣ ውኃ እያለ ነው የሚጽፈው፣ ሰርቹ ሁሉንም አንድ ላይ ያመጣልኛል ብላችሁ አትመኑት። ኮዬ ፈጬን ኮየ ፈጬ የሚል አለ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል የሚጽፍ አለ፣ በቁቤ ደሞ ሌላ ነው። ሁሉንም እየቀያየራችሁ ሞክሩ።

ያገኛችሁትን ጉግል ሺት ላይ ወይ ተራ ደብተር ላይ በአራት መስመር አስገቡት፦ ጥያቄው ምንድነው፣ ስንት ሰው ጠየቀ፣ መልሱን የሚያውቀው ማነው፣ መልስ አግኝቷል ወይ። ሳምንቱ ሲያልቅ አንድ ነገር ይገርማችኋል፣ ጫጫታው ሁሉ ተለቅሞ ሲታይ አምስት ስድስት ጥያቄ ነው። ውሃ መቼ ነው የሚመጣው፣ ቆሻሻ የሚነሳው በየትኛው ቀን ነው፣ ክፍያው የት ነው የሚገባው፣ የአሳንሰሩ ነገር ምን ደረሰ። የመጀመሪያ ፖስቶቻችሁ እነዚህ ናቸው፣ "እንኳን ወደ ቻናላችን በሰላም መጣችሁ" የሚለው ባነር ይቆያችሁ።

በነገራችን ላይ እኛ አካባቢ አንባቢው በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ነው። አፋን ኦሮሞ የማትችሉ ከሆነ በጉግል ትራንስሌት አገላብጣችሁ አትለጥፉ፣ የሚያውቅ ሰው ይስቅባችኋል፣ ካልሳቀም ይቆጣል። ከነዋሪው መሀል የሚጽፍላችሁ ሰው ፈልጉ፣ ሁለቱም በአንድ ሰዓት ይውጣ።

3. አካውንቱን አስሩት

ይሄ አሰልቺ ነው ግን ቶሎ ይለፍ። ቻናሉ በእናንተ ሲም ብቻ አይንጠልጠል፣ ከተቻለ የማህበሩ ስልክ ባለቤት ይሁን እናንተ አድሚን ሁኑ። ፌስቡክ ፔጁ ላይም ቢያንስ ሁለት አድሚን ይኑር። ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን (በኤስኤምኤስ ከሚመጣው ኮድ ሌላ ፓስወርድ የሚጠይቀውን) ዛሬውኑ አብሩ፣ ቴሌግራም ላይ የቻናል ባለቤትነት ለሌላ ሰው ለማስተላለፍ ይሄ ከበራ 7 ቀን ማለፍ አለበት፣ ስለዚህ በመጨረሻው ቀን ትዝ ቢላችሁ አይሆንም። ፓስወርድ በቴሌግራም አትላላኩ። ፖስት ከማድረጋችሁ በፊት ደሞ ከላይ ያለውን ስምና ፎቶ እዩ፣ በማህበሩ ስም የአርሰናልን ውጤት መለጠፍ በጣም ቀላል ነው።

4. ማስታወቂያውን ሰው እንዲያነበው አድርጋችሁ ጻፉ

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ኮሚቴው የሚሰጣችሁ ጽሁፍ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚመስለው፦

"ለክቡራን ነዋሪዎቻችን በሙሉ፤ ማህበራችን የነዋሪውን የውሃ አቅርቦት ችግር ከመሰረቱ ለመቅረፍ ከሚመለከታቸው ባለድርሻ አካላት ጋር በመቀናጀት እየሰራ የሚገኝ መሆኑን እየገለጸ በተፈጠረ የቴክኒክ ችግር ምክንያት ለተወሰኑ ቀናት የውሃ መቆራረጥ ሊያጋጥም ስለሚችል በትዕግስት እንድትጠብቁን ያሳስባል።"

ይሄን ያነበበች እናት ዛሬ ጀሪካን ትሙላ አትሙላ አታውቅም። "ለተወሰኑ ቀናት" ስንት ነው? የትኛው ብሎክ ነው? ስለዚህ ስልክ አንሱና ጋሼን ጠይቁ፣ ቴክኒሻኑንም ጠይቁ፣ ከዛ እንዲህ ይሆናል፦

"ከብሎክ 40 እስከ 52፦ ሐሙስ ጥቅምት 13 ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ውሃ የለም። የግቢው ፓምፕ ተቃጥሏል፣ ቴክኒሻኑ ፈትቶ ወስዶታል። ቅዳሜ ጥቅምት 15 ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ለመመለስ እየሰራን ነው። የሚዘገይ ከሆነ አርብ ምሽት 1 ሰዓት ላይ እዚሁ እንነግራችኋለን። የውሃ ቦቴ ሐሙስ ከቀኑ 11 ሰዓት ጀምሮ ብሎክ 45 ፊት ለፊት ይቆማል፣ ጀሪካን ይዛችሁ ውጡ። ወርዶ መቅዳት የማይችል አረጋዊ ወይም ህመምተኛ ካለ በማህበሩ ስልክ ደውሉ፣ ጥበቃዎች ያደርሳሉ።"

ቅደም ተከተሉን ልብ በሉት፦ የሚመለከተው ማንን ነው፣ መቼ ነው፣ ምን ሆኖ ነው፣ መቼ ያበቃል፣ እስከዛ ሰው ምን ያድርግ። የመጀመሪያዋ መስመር ላይ ብሎኩ የገባው ያለምክንያት አይደለም፣ ሰው ኖቲፊኬሽኑ ላይ የምትታየውን መስመር ብቻ አይቶ ነው የሚያልፈው። "ነገ" የምትል ቃል አትጻፉ፣ ፖስቱ ፎርዋርድ እየተደረገ ሶስት ቀን ይዞራልና የማን ነገ እንደሆነ አይታወቅም፣ ቀኑንና ቁጥሩን አብራችሁ ጻፉ። ኮንዶሚኒየም አከራይቶ ውጭ ሀገር የሚኖር ባለቤት ስለማይጠፋ የስብሰባና የክፍያ ቀን ከሆነ የፈረንጁንም ቀን ጨምሩ።

ከዛ ደሞ ሰዓት። ጽሁፉ ውስጥ በኛ አቆጣጠር "ከምሽቱ 2 ሰዓት" ትላላችሁ፣ ስኬጁል ስታደርጉ ግን ስልኩ የሚያውቀው 8 ፒኤም ነው። ይሄን የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የስብሰባ ጥሪ የሚያወጣ ቻናል ካያችሁ ምክንያቱ ይሄ ሊሆን ይችላል። መብራት ይጠፋል ብላችሁ ከሰጋችሁ ቀድማችሁ ቴሌግራም ላይ ስኬጁል አድርጉት፣ ስልካችሁ ቢዘጋም በሰዓቱ ይወጣል።

ፎንትም አለ። የቢሮ ጸሀፊዎች እስካሁን ዩኒኮድ ባልሆነ (ሁሉም ስልክና ኮምፒውተር በማያነበው) የድሮ ፎንት የሚጽፉበት ቦታ አለ፣ ያንን ኮፒ አድርጋችሁ ቴሌግራም ላይ ስትለጥፉት የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ተቀላቅሎ ይወጣል። ያው እንደገና መተየብ ነው። ብዙ ሰው ይሄን ሽሽት የደብዳቤውን ፎቶ ብቻ ይለጥፋል፣ አታድርጉት፣ ፎቶ ላይ ያለ ጽሁፍ በሰርች አይገኝም፣ ኮፒ አይደረግም፣ ማየት ለተሳነው ሰው ደሞ ስልኩ አያነብለትም። ግን ፎቶውን ጨርሳችሁ አትተዉት፣ እዚህ ሀገር ማህተም ያላየ አያምንም፣ ስለዚህ ጽሁፉን ጻፉና ማህተም ያለበትን ደብዳቤ ከስር አያይዙ። ቴሌግራም ላይ ከፎቶ ጋር የሚሄድ ጽሁፍ በነጻው አካውንት 1,024 ፊደል ነው፣ ብቻውን ሲሆን 4,096። ከ1,024 ካለፈባችሁ አብዛኛውን ጊዜ መቆረጥ ያለበት "ለክቡራን" ከሚለው ወገን ነው።

ቻትጂፒቲ ምናምን መጠቀም ይቻላል ወይ ለሚል፣ ይቻላል፣ ለሀሳብ። አማርኛው ግን "በመሆኑም ልናረጋግጥላችሁ እንወዳለን" እያለ መልሶ ያንኑ የቢሮ ቋንቋ ያመጣባችኋል። የነዋሪ ስምና ስልክ ደሞ እዛ ውስጥ አታስገቡ።

5. ፎቶና ቪዲዮ

ስልኩን አቁማችሁ ቅረጹ፣ 1080 በ1920፣ አጭር ይሁን፣ ሰው በሞባይል ዳታ ነው የሚያየው። ድምጽ ከምስል ይቀድማል፣ ሜዳው ላይ ንፋስ አለ፣ ባጃጅ አለ፣ ስለዚህ ተናጋሪውን ግድግዳ አስጠግታችሁ ስልኩን ቅርብ አድርጉ። የሰው ፊት ከሆነ ፈቃድ ጠይቁ፣ የህጻን ከሆነ ወላጅን በጽሁፍ ጠይቁ፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሚባል ከወጣ ቆይቷል፣ የፒአር ሰው አላውቅም ነበር ማለት አይችልም። እርዳታ ለሚቀበል ሰው ሩዝና ዘይት አስይዞ ፎቶ ማንሳት ደሞ እኔ በግሌ አልወደውም፣ ስጦታውን አሳዩ፣ ሰውየውን ተዉት።

6. ኮመንት

ዋናው ስራ እዚህ ነው። ኮመንት ዘግቶ ፔጅ የሚይዝ መስሪያ ቤት አይታችኋል፣ እሱ የፒአር ስራ አይባልም፣ የማስታወቂያ ሰሌዳ ነው።

ጥያቄ ከሆነ ቀኑ ሳይመሽ መልሱ፣ መልሱን ካላወቃችሁም "ጠይቀን ከምሽቱ 1 ሰዓት በፊት እንመልሳለን" በሉና 1 ሰዓት ላይ ተመለሱ፣ መልሱ ባይገኝም "እስካሁን አላገኘንም" ለማለት ተመለሱ። ስድብ ከሆነና የሚመለስ ነገር ከሌለው እለፉት። ብሄርን ወይ ሀይማኖትን የሚነካ፣ የሰው ስልክ ቁጥር የሚያወጣ ከሆነ አጥፉት፣ ከማጥፋታችሁ በፊት ግን ስክሪንሹት አድርጋችሁ አስቀምጡ። ቅሬታን አታጥፉ። ሰውየው ቅሬታው ሲጠፋበት ስክሪንሹቱን ይዞ ትልቁ ግሩፕ ላይ ነው የሚወጣው፣ ያኔ ጉዳዩ ውሃ መሆኑ ቀርቶ "ለምን አጠፋችሁ" ይሆናል።

አስቸጋሪው ቅሬታና ስድብ ተደባልቆ ሲመጣ ነው። ለምሳሌ እንዲህ ተባለ እንበል፦ "እናንተ ሌባ ኮሚቴዎች ብራችንን በልታችሁ ነው እንጂ ፓምፕ ይሄን ያህል ቀን አይፈጅም።" ልጅ ከሆናችሁ እጃችሁ ያሳክካችኋል። ሌባ የሚለውን ዝለሉትና ውስጡ ያለውን ጥያቄ አውጡት፣ ጥያቄው ብሩ የት ገባ ነው፣ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ ገንዘብ ያዡ ጋ ሂዱ፣ ደረሰኙን በአይናችሁ እዩ፣ ከዛ፦ "ለፓምፕ የተሰበሰበው ብር የት እንደዋለ መጠየቅዎ ተገቢ ነው። ለጥገናው የተከፈለበትን ደረሰኝ ከታች አያይዘናል። ቀሪውን ሂሳብ ገንዘብ ያዡ እሁድ ስብሰባ ላይ ያቀርባሉ፣ መገኘት ካልቻሉ ሰኞ እዚሁ እንለጥፈዋለን።" ደረሰኙ ከሌለ ግን እንዲህ ብላችሁ አትጻፉ። ኮሚቴው ደረሰኝ አላሳይም ካለ ችግሩ ከሶሻል ሚዲያ በላይ ነው፣ ያኔ የእናንተ ስራ ጋሼ ጋ ሄዳችሁ "ይሄን ካላወጣን ነገ የሚባለው ይሄ ነው" ብላችሁ ስክሪንሹቶቹን ማሳየት ነው። ብዙ ሰው የማያየው የፒአር ስራ ይሄ ነው፣ የውጪውን ወሬ ወደ ውስጥ ማስገባት።

ስትመልሱ ሁሌም "እርስዎ" በሉ። ፕሮፋይሉ ላይ አበባ አድርጎ "የእናቱ ልጅ" ብሎ የገባው ሰው የ16 አመት ልጅ ይሁን የ60 አመት አዛውንት በምን ታውቃላችሁ፣ ወንድ ሴቱንም አትለዩትም፣ እርስዎ ከሁሉም ያድናል። ጉዳዩ የግል ከሆነ፣ የእገሌ እዳ ወይ የህክምና ነገር ከሆነ፣ ኢንቦክስ አውሩና ኮመንቱ ስር "በኢንቦክስ መልሰናል" በሉ፣ አለዚያ ሌላው ሰው ዝም የተባለ ይመስለዋል። በሌላ ስም አካውንት ከፍታችሁ "ኮሚቴያችን በርቱ" እያላችሁ አትጻፉ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ይታወቃል።

7. ወሬ ሲነሳ ወይም አደጋ ሲደርስ

መጋቢት 1 ቀን 2011 የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ጠዋት ከቦሌ ተነስቶ በደቂቃዎች ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከሰከሰ፣ 157 ሰው አለቀ። አየር መንገዱ ያን ቀን ያወጣቸውን መግለጫዎች ፈልጋችሁ አንብቧቸው፣ ቁጥር እየተሰጣቸው ተራ በተራ ነው የወጡት። የመጀመሪያው አደጋ መድረሱን፣ የትኛው በረራ እንደሆነና ይሳፈሩ ነበር ተብሎ የሚታመነውን ሰው ብዛት ይናገራል፣ በህይወት ስለተረፈ ሰው ግን የተረጋገጠ መረጃ እንደሌለው በግልጽ ይላል፣ ለቤተሰብ የሚሆን የመረጃ ማእከልና ስልክ እንደሚዘጋጅም ይገልጻል። ዋና ስራ አስፈጻሚው አደጋው ቦታ ላይ ቆመው የተነሱት ፎቶም በዛው ቀን ወጣ። የምናውቀው ይሄ ነው፣ የማናውቀው ይሄ ነው፣ እያደረግን ያለነው ይሄ ነው። ግቢያችሁ ውስጥ ትራንስፎርመር ቢቃጠል የምትጽፉት አራት መስመርም አጥንቱ ያው ነው፣ እና ቅርጹን ከአሁኑ ባዶ ቦታ እየተዋችሁ ጽፋችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት፣ እሳት እየነደደ ሰዋሰው አይታሰብም።

ወሬ ስትሰሙ ከመለጠፋችሁ በፊት ለሁለት ሰው ደውሉ፣ አንዱ ቦታው ላይ ያለ ይሁን። ፎቶ ከሆነ ጉግል ሌንስ ላይ አስገብታችሁ የድሮ መሆን አለመሆኑን እዩ። ስታስተባብሉ የውሸቱን ፖስት መልሳችሁ አታሰራጩ፣ እውነቱን አስቀድሙ። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማህበራዊ ሚዲያ አካውንት ሐሰተኛ መረጃ ላሰራጨ እስከ 3 አመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ያስቀምጣል። ተከታዩ ሲበዛ ደስ ከማለታችሁ በፊት አንብቡት።

እና ደሞ ሁሉን ነገር ቴሌግራም ላይ አትጣሉ። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገድበው እንደነበር አትርሱ። የየብሎኩ ተጠሪ ስልክ ዝርዝር፣ ኤስኤምኤስ፣ እና ጥበቃ ቤቱ በር ላይ የምትለጠፍ ወረቀት ይኑሯችሁ፣ ወረቀቷን ስማርት ስልክ የሌላቸው አባቶችም ያነቧታል።

8. ውጤቱን በምን ታውቃላችሁ

ላይክ ተዉት። ቴሌግራም ላይ ያለው የእይታ ቁጥር ፎርዋርድ የተደረገበት ቦታ የታየውንም ይደምራል፣ ስለዚህ 900 ቪው ማለት 900 ነዋሪ ማለት አይደለም። ፌስቡክ ኢንሳይት ላይም ሪች (ስንት ሰው ጋ ደረሰ) እና ኢንጌጅመንት (ላይክ፣ ኮመንት፣ ሼር) ለየብቻ ናቸው፣ አታደባልቁ። እናንተ ማየት ያለባችሁ በመጀመሪያው ሳምንት የሰራችሁትን ሰንጠረዥ ነው፦ "ውሃ መቼ ነው" የሚለው ጥያቄ በሳምንት ስንት ጊዜ ይመጣ ነበር፣ አሁን ስንት ጊዜ ይመጣል፣ ለመመለስ ስንት ሰዓት ይፈጃል። ይሄን በየወሩ አንድ ገጽ አድርጋችሁ ለጋሼ በወረቀት ስጧቸው፣ በፒዲኤፍ ከላካችሁላቸው አይከፍቱትም። ፎሎወር አትግዙ፣ ግቢው ውስጥ 600 ቤት ካለ 40 ሺህ ተከታይ ማን ነው ቢሏችሁ ምን ትላላችሁ።

9. ፖርትፎሊዮውና ርክክቡ

ለቀጣሪ የሚታየው ፋይል አምስት ስድስት ገጽ ይበቃዋል። ኮሚቴው የሰጣችሁ ጽሁፍና እናንተ ያስተካከላችሁት ጎን ለጎን፣ አንድ ከባድ ኮመንትና መልሱ የኮመንት ሰጪው ስምና ፎቶ ተሸፍኖ፣ አንድ የአደጋ ጊዜ ፖስት፣ የወር ሪፖርቱ። ጉግል ድራይቭ ላይ አድርጉትና ሊንኩ ለማንም እንደሚከፈት ከሌላ ሰው ስልክ ሞክሩት፣ "ፈቃድ ጠይቅ" የሚል ገጽ የመጣበት ቀጣሪ ፈቃድ አይጠይቅም፣ ወደ ቀጣዩ ሲቪ ያልፋል። ሲቪው ላይ "ሶሻል ሚዲያ ኤክስፐርት" ከማለት "የነዋሪዎች ማህበር ቴሌግራም ቻናል፣ ሁለት ወር፣ ጽሁፍ፣ የኮመንት ምላሽና ወርሃዊ ሪፖርት" ብላችሁ ብትጽፉ ይሻላል። ጋሼም ማህተም ያለው የምስክር ወረቀት ይስጧችሁ፣ ረቂቁን እናንተ ጽፋችሁ ውሰዱላቸው።

ስትወጡ ባለቤትነቱን ለተረካቢው አስተላልፉ፣ ፓስወርዶቹ ይቀየሩ፣ ራሳችሁን ከአድሚንነት አውጡ፣ ስኬጁል አድርጋችሁ የረሳችሁት ፖስት ካለ ሰርዙ። የጥያቄውን ሰንጠረዥና የየብሎኩን ተጠሪ ስልክ አትማችሁ ስጡ። ከዛ ቻናሉ ላይ "ከሰኞ ጀምሮ ጥያቄዎቻችሁን የሚመልሱት እገሌ ናቸው" የሚል ፖስት አውጡና ፒን አድርጉት።